መርሻ የተባለው ነጥብ

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬሕይወት ሙላቴ፤

የሆላንድ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ቢጫ ለብሷል፤ በጋፋት በኩል ያሉት ማሳዎችም ባቄላቸው እሸት ላይ ደርሷል። እኔ ደኅና ነኝ። ሰው ስለሚጠይቀኝ ደኅና ነኝ እላለሁ እንጂ ቃሉ ምን ያህል እውነት እንደሆነ መርምሬው አላውቅም።

ደብዳቤሽን ያመጣችልኝ ሸዋነሽ ናት። ምናልባት አታውቂያት ይሆናል፤ የሟች ባለቤቴ የወንድሟ ልጅ ናት። ኩዌት በሰው ቤት ብዙ ዘመን ሠርታ ተመለሰችና መናኸሪያው አጠገብ ኮፒ ቤት ከፈተች። ኔትወርክ ሲመጣ ያንቺን ጽሑፍ በስልኳ ተቀብላ አትማ ታመጣልኛለች፤ የእኔን ደግሞ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። ኔትወርክ ከጠፋ ወረቀቱን ወደ ባሕር ዳር የሚወስድ ሰው እስኪገኝ መጠበቅ ነው። እንግዲህ መልሴ ቢዘገይብሽ ቸልተኝነት አድርገሽ አትቁጠሪብኝ።

ለልጁ ቀብር ባለመድረስሽ ደጋግመሽ ይቅርታ ጠይቀሻል። ተይው ልጄ። ያኔ አንቺ ገና እዚያ አገር መግባትሽ ነበር። መኪናው ገሳይ መታጠፊያ ላይ መገልበጡን እኛ እንኳ እዚሁ ሆነን ዘግይተን ነው የሰማነው። ብትመጪም የምታደርጊው ነገር አልነበረም። እኔ ነበርኩ፤ ያደረግሁት ነገር ግን የለም።

የሕይወት ታሪኩን ማን እንዳነበበም ጠይቀሽኛል። ከቀብር በፊት የሟች የሕይወት ታሪክ ተጽፎ እንደሚነበብ ታውቂያለሽ። በዚህ ከተማ የአብዛኛውን ሰው የሕይወት ታሪክ ስጽፍ የኖርኩት እኔ ነኝ። የአማርኛ መምህርነቴን ከተውኩ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነበር ማለት ይቻላል፤ የነጋዴውንም የዲያቆኑንም ጽፌአለሁ። የዚያን ቀን ግን ወረቀቱ ፊቴ ተቀምጦ አንድ ቃል አልመጣልኝም። ቄስ ኃይለሚካኤል በቃላቸው ተናገሩ። ጥሩ እንደተናገሩ ሰዎች ነግረውኛል።

ከሥራዎቹ ምን እንዳለኝ ለጠየቅሽው፣ አገር ውስጥ ያሳተማቸው ሁለት ጽሑፎች በመደርደሪያው ላይ አሉ፤ ሸዋነሽ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። ክፍሉን እንደተወው ትቼዋለሁ። ከዚህ የዘለለ ነገር አላደረግሁም።

"የምርምር ካርታ" ያልሽው ነገር ግን አልገባኝም። እኔ የማውቀው የመሬት ካርታ ነው። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ሳለሁ ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስሙን አልነበረም፤ "ከማን ዘንድ ተማርህ?" ነበር የሚባለው። መምህሩን ይጠራል፤ የመምህሩን መምህር ይጠራል፤ ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ የት ቦታ እንደሚያስቀምጠው ያውቃል። ያንቺ ነገር ከዚህ ጋር ይዛመድ እንደሆነ ጻፊልኝ።

ብርዱን ተጠንቀቂ።

መርሻ እሸቴ

*

ሆላንድ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017

የተከበሩ አባቴ መርሻ፤

የእጅ ጽሑፍዎን ባየሁ ጊዜ ደነገጥኩ። ምሕረትአብ በማሳው ምልክቶች ላይ ይጽፈው የነበረው ፊደል ከእርስዎ የመጣ መሆኑን አላውቅም ነበር። የ"ባ"ን እግር እንዲሁ ያስረዝም ነበር። "ባቄላ ብለህ ስትጽፍ ቀለም ታባክናለህ" እለው ነበር። "አንቺ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ከባቄላው በፊት ትጠወልጊያለሽ፤ ዝም ብለሽ ለክተሽ ጻፊ" ይለኝ ነበር። ስድስት ዓመት አብሬው ስሠራ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተማሪው ነበርኩ፤ ኋላም የሥራ ባልደረባው። ከዚያ በላይ ስለነበረው ነገር እርስዎም አልጠየቁኝም፣ እኔም አልጻፍኩም።

ሐሙሲት ሲያልፉ ጎራ ብለው እንደጠየቋት እናቴ ነግራኛለች፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ጉልበቷ ምንም አለመጻፍዎ ግን ራሱ ነገር ነገረኝ።

ካርታውን እንዲህ ያስቡት። አንድ ተመራማሪ ጽሑፍ ሲያሳትም ከማን ምን እንደወሰደ በመጨረሻው ገጽ ይዘረዝራል። ማጣቀሻ እንለዋለን። እኛ ስለ ባቄላ በሽታዎች በዓለም የታተሙ ጽሑፎችን ማጣቀሻ ሰብስበን ለኮምፒዩተር እንሰጠዋለን። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ጸሐፊ አንድ ነጥብ ያደርገዋል። ብዙ ሰው የጠቀሰው ነጥብ ይተልቃል። ሁለት ጸሐፊዎች አብረው ደጋግመው ከተጠቀሱ ነጥቦቻቸው ይቀራረባሉ፤ የተቀራረቡት አንድ ሠፈር ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ሠፈር ሠፈሩን ተከፋፍለን አንብበን ማጠቃለያ እንጽፋለን፦ እዚህ የሚታወቀው ይህ ነው፤ መጀመሪያ ያሰበው እገሌ ነው፤ ያልታወቀው ይህ ነው እያልን። ለምርምሩ አዲስ የሚሆን ሰው ሁሉ መነሻው ያ ማጠቃለያ ይሆናል። እርስዎ ያሉት የቅኔ ቤቱ ጥያቄ ማለት ነው፤ "ከማን ዘንድ ተማርህ?" እያልን የምንጠይቀው ግን ወረቀቱን ነው።

የእኔ ድርሻ የቆርምድ ሠፈር ነው። ቆርምድን ያውቁታል፤ የባቄላውን ቅጠል እንደ ኪንታሮት አሳብጦ ማሳውን ጦም የሚያስቀረው በሽታ ነው። በሽታው ካለፈው ዓመት ገለባ ውስጥ ከርሞ እንደሚነሣ መጀመሪያ የጠረጠረው ምሕረትአብ ነበር። ጽሑፉም እርስዎ ከላኩልኝ ከሁለቱ አንዱ ነው።

የካርታውን የመጀመሪያ ረቂቅ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። አንድ የሚያስቸግር ነገር ያዩበታል፤ ከራስዎ ልስማው ብዬ አሁን አልነግርዎትም።

ልጅዎ ፍሬሕይወት

*

ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፍሬሕይወት፤

እናትሽ ምርኩዝ ይዛለች። ልጽፍልሽ ያልፈለግሁት ይህን ነበር፤ አንቺም አውቀሽዋል። ከዚያ በቀር ደኅና ናት፤ ዘንድሮም ሽንኩርቷን ተክላለች።

ካርታሽን የተቀበልኩት ሸዋነሽ ሱቅ ቁጭ ብዬ ነው። ትልቅ ወረቀት ላይ በቀለም አተመችውና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የባሕር ዳሩን ሚኒባስ የሚነዳው ጌጡ መንጃ ፈቃዱን ኮፒ ሊያስደርግ መጥቶ አጠገባችን ቆሟል።

"ጋሼ፣ ይኼ ትልቁ ቀይ ክብ ማን ነው?" አለችኝ።

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። "መርሻ ይላል" አልኳት።

"እንዴ! እርስዎ ነዎት ማለት ነው?"

"እንግዲህ ስሜ ነው።"

ጌጡ አንገቱን አስግጎ አየና "መምህር፣ ለመሆኑ ባቄላ ዘርተው ያውቃሉ?" አለኝ።

"በልቼ አውቃለሁ።"

"ታዲያ በመብላት እንዲህ የሚተለቅ ከሆነ የእኔ ክብ ከወረቀቱ ይወጣ ነበር!"

ሸዋነሽ በመዳፏ አፏን ይዛ ሳቀች። ኋላ ወደ እኔ ዘወር ስትል ሳቋን ቁርጥ አደረገችው። ማቋረጧ አላስፈለገም ነበር፤ ሳቁም አልከፋኝም፣ ዝምታውም አልከፋኝም። እጅ ተኝተውበት ሲደነዝዝ በሌላው እጅ ሲነኩት የባዕድ ሰው እጅ አይመስልም? ከሰኔ ወዲህ እኔ በሙሉ እንደዚያ ነኝ።

እንደተረዳሁት እነዚያ ሰዎች የልጁን ስም ትተው የአባቱን ይዘዋል። ፈረንጆች የሰውን ስም ከጅራቱ እንደሚይዙ አውቃለሁ፤ አይገርመኝም። ነገር ግን ሸዋነሽን እርሱን የጠቀሱ ጥቂት ጽሑፎች አውጪልኝ ብያት አነበብኳቸው። እንግሊዝኛዬ ብዙ ባይሆንም ለዚህ አላነሰኝም። "መርሻ ያስረዳል" ይላሉ። "መርሻ ይከራከራል።" "መርሻ በዚህ አይስማማም።" ሁሉም የአሁን ጊዜ ግስ ነው። ፍሬሕይወት፣ እነዚህ ሰዎች አልሰሙም። ማንም አልነገራቸውም። ከቀበርነው በኋላ የታተሙት ጽሑፎች እንኳ ያስረዳል፣ ይከራከራል ይላሉ። እኔም ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ማስረዳቴንና መከራከሬን አነባለሁ።

በዚያው ወረቀት ከመርሻ ሥር ስለ ግመል ሳንባ የተጻፈ ነገር ተዘርዝሮ አየሁ። ልጁ ግመል ያየው በሥዕል ነው። ይህ ምንድን ነው?

ያላገኘሁትን ደግሞ ልጠይቅሽ። የላክሁልሽ፣ አገር ውስጥ የታተሙት ሁለቱ ጽሑፎች በካርታው ላይ የት ናቸው? ዳሩን ሁሉ በመነጽር ፈለግሁ።

መርሻ እሸቴ

*

ሆላንድ፣ ጥር 9 ቀን 2017

የተከበሩ አባቴ መርሻ፤

ሊያገኟቸው አይችሉም፤ ካርታው ላይ የሉም። የሚያስቸግረው ነገር ያልኩዎትም ይህ ነበር።

የአገራችን መጽሔቶች ኢትዮጵያዊ ጸሐፊን በራሱ ስም ይመዘግቡታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጽሑፎች "ምሕረትአብ" በሚባል ሰው ስም ተቀምጠዋል። ውጭ አገር ያሳተማቸው ደግሞ በአባቱ ስም ገብተው "መርሻ" የሚባል ሌላ ሰው ሆነዋል፤ የእርሱ ስም አንዲት ፊደል ብቻ ሆና ከፊቱ ቆማለች። ለኮምፒዩተሩ እነዚህ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። መርሻ ትልቅ ነው። ምሕረትአብን የጠቀሱት ጥቂቶች ስለሆኑ ከወሰኑ በታች ቀርቷል፤ ከወሰኑ በታች ያለ ነጥብ አይሣልም። የግመሉ ሐኪም ደግሞ ስሙ በዚያችው ፊደል የሚጀምር ሌላ የመርሻ ልጅ ነው፤ ከእኛው ጋር ቀላቅለውታል።

ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን አላስቸግርዎትም ነበር። የገለባው ሐሳብ ያለው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጽሑፎች በአንዱ ውስጥ ነው። እነርሱ ካርታው ላይ ከሌሉ ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጣው ከእርሱ በኋላ የጻፈ ሌላ ቡድን ሆኖ ይታያል። ማጠቃለያው ከካርታው ጋር መስማማት ስላለበት እኔ ራሴ፣ በእጄ፣ "ይህን መጀመሪያ ያሳየው እገሌ ነው" ብዬ የሌላ ሰው ስም እጽፋለሁ ማለት ነው። እኔ አይቻለሁ። ገሳይ ማሳ ውስጥ ተንበርክኮ ገለባውን ሲያሸት አጠገቡ ነበርኩ። ማየቴ ግን ማስረጃ አይሆንም አሉኝ።

ሁለቱን ስሞች አንድ ማድረግ ይቻላል። የመረጃ ቋቱን የሚይዘው ድርጅት ጸሐፊው ራሱ ሲያመለክት ወዲያውኑ ያስተካክላል። ጸሐፊው ከሌለ ግን ወላጅ በእጁ ጽፎ የፈረመበት ማረጋገጫ ይጠይቃል። ረጅም አይደለም። በዚህ ስምና በዚያ ስም የታተሙት ሥራዎች የአንድ ሰው እንደሆኑ፣ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ እርስዎም ምኑ እንደሆኑ ይጻፉልኝ። በአማርኛ ይሁን፤ እኔ እተረጉመዋለሁ። ካርታው ወደ ማተሚያ የሚሄደው በሚያዝያ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚስተካከል ነገር የለም።

በሕይወትዎ ስንት የከበደ ነገር ጽፈዋል፤ ይህ ሁለት መስመር ነው።

ልጅዎ ፍሬሕይወት

*

ደብረ ታቦር፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፍሬሕይወት፤

መዘግየቴን ይቅር በይኝ። መጀመሪያ መንገዱ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት ኔትወርኩ ጠፋ። ኔትወርኩ ሲመጣ ደግሞ ዓቢይ ጾም ገባና በጾም መጀመሪያ እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ አልወደድኩም። ይህን ሁሉ ለሸዋነሽ ስነግራት "ጋሼ፣ መንገዱ የተዘጋው ከዚህ ወደ ባሕር ዳር ነው፤ ከቤትዎ እስከ ሱቄ ድረስ ክፍት ነበር" አለችኝ። ኩዌት የኖረ ሰው ምላሱ ይሾላል።

ማረጋገጫውን ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ለአጻጻፉ እንደተጠነቀቅሁ ታያለሽ።

ስለ መቃብሩ በሸዋነሽ በኩል ለጠየቅሽኝ፣ ድንጋዩ ቆሟል። ጠራቢው ይሻው ከጋይንት በኩል ያስመጣው መልካም ድንጋይ ነው። ጽሑፍ ግን የለበትም። ይሻው ደብሩ ግቢ ባገኘኝ ቁጥር ጥግ ጥጉን ይዞ ይመጣል።

"መምህር፣ የሌላው ሰው ሁሉ ጽሑፍ ከእርስዎ ነው የሚመጣልኝ። የእሳቸው ብቻ ቀረ።"

"ይመጣል ይሻው።"

"እኔ አልቸኮልኩም። ሰዉ ግን ይጠይቀኛል። 'ይኼ የማን ነው?' ይሉኛል።"

"የማን ነው ትላቸዋለህ?"

"የመምህር መርሻ ልጅ ነው እላለሁ።"

"እንግዲህ እሱ ይበቃል" አልኩት። ኮፍያውን አስተካክሎ ሄደ።

በየሰው ድንጋይ ላይ አንድ የሚያምር ነገር ስጽፍ ኖሬአለሁ። ለነጋዴው ስለ ሚዛኑ፣ ለዲያቆኑ ስለ ድምፁ ጽፌ ሰዉ ቆሞ እያነበበ ሲያለቅስ አይቻለሁ። አሁን ስቀመጥ የሚያምር ነገር አይመጣልኝም፤ የማያምርም አይመጣልኝም። ብዕሩ እጄ ላይ አለ፤ ቀለምም አለው።

ይህን የጻፍኩት እንድታዝኚ አይደለም። ጠይቀሽኝ ነው።

መርሻ እሸቴ

*ከደብዳቤው ጋር የተያያዘ፦*

*ለሚመለከተው ሁሉ። እኔ ከዚህ በታች ስሜና ፊርማዬ የሰፈረው፣ በደብረ ታቦር ከተማ ነዋሪ የሆንኩ ጡረተኛ መምህር፣ ከላይ በተጠቀሱት ሁለት ልዩ ልዩ መጠሪያዎች የታተሙት የምርምር ሥራዎች በሙሉ የአንድና የዚያው ግለሰብ የአእምሮ ፍሬ መሆናቸውን፣ ግለሰቡም የአብራኬ ክፋይ እንደነበረ፣ ስለ ግመል ሳንባ የተጻፈው ግን እርሱን የማይመለከት መሆኑን በአክብሮት አረጋግጣለሁ። መርሻ እሸቴ።*

*

ሆላንድ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017

የተከበሩ አባቴ መርሻ፤

ድርጅቱ ማረጋገጫውን መልሶታል። አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፉልኝ፦ "የትኛው ግለሰብ?"

አንብቤው ነው የተረጎምኩት፤ ስተረጉመውም አላየሁትም። አማርኛው ስለሚያምር ጉድለቱን አልፌው ሄድኩ። ሲመለስልኝ እንደገና አነበብኩት፤ "ከላይ የተጠቀሱት" ይላል፣ ከላይ ግን የተጠቀሰ የለም። ከዚያ የቀድሞ ደብዳቤዎችዎን አወጣኋቸው። ልጁ ይላሉ፤ እርሱ ይላሉ፤ ሟች ይላሉ። በአንዱም ውስጥ ስሙን አልጻፉም።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን በልቤ ይዤው ባልፍ ይሻል ነበር፤ ጊዜው ግን አልቋል። እኔ ብጽፈው አይቀበሉም። ሸዋነሽም ብትጽፈው አይሆንም። ወላጅ ነው የተባለው፤ ያሉትም እርስዎ ብቻ ነዎት። አልችልም ካሉኝ ይገባኛል፤ አንድም ቀን አላነሣብዎትም። ማጠቃለያውን በሌላው ስም ጽፌ እፈርምበታለሁ። እንዲያ ማድረግ እችላለሁ። ባለፈው ሳምንት ሞክሬው ነበር፤ እንደምችል አረጋገጥኩ።

ሌላም ነገር አለ። በምሕረትአብ የሥራ አድራሻ ለሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ አሁን እኔ ነኝ የምመልሰው፤ ዛሬ ግን አንድ ያልመለስኩት ደርሶኛል። አንዲት ቻይናዊት ተመራማሪ ናት። እንደ እኛው አገር ባለ ደጋ፣ ከገበሬ ጋር የምትሠራ ናት። ተርጉሜ ልኬልዎታለሁ፤ የተጻፈው "ለዶክተር መርሻ" ተብሎ ነው።

*የተከበሩ ዶክተር መርሻ፤ ሥራዎችዎን በሙሉ ያነበብኩ ይመስለኛል፤ በጣም ጠቅመውኛል። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በኋለኛው ጽሑፍዎ ላይ የባቄላው ገለባ ከማሳው ቢወገድ በሽታው እንደሚቀንስ ያስረዳሉ። ለመሆኑ ገበሬዎቹ ገለባውን ለማንሣት እንዴት እሺ አሉዎት? የእኔዎቹ እምቢ ብለውኛል። ይህን ከጽሑፍዎ አላገኘሁትም። መልስዎን በትዕግሥት እጠብቃለሁ።*

ምን ብዬ ልመልስላት? ሞቷል ልበላት? መልሱንስ የሚያውቀው ማን ነው? ገለባው በተነሣበት ዓመት እኔ ለትምህርት ባሕር ዳር ነበርኩ።

ፍሬሕይወት

*

ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬሕይወት፤

ትንሣኤው አልፎ ይህን እጽፋለሁ። ሸዋነሽ ዶሮ ይዛ መጥታ ነበር፤ በላሁ። ጣዕሙን ብትጠይቂኝ አልነግርሽም፤ መብላቴን ግን ይንገሯት ብላኛለችና ይኸው ነገርኩሽ።

የቻይናዪቱ ደብዳቤ ወንበሬ አጠገብ ከረመ። አንቺ ስለ ማረጋገጫው የጻፍሽው ልክ ነበር፤ አንብቤው ግን እንደ ሌላው ነገር ሁሉ በላዬ አለፈ። ያላለፈኝ የዚህችኛዋ ነው። ጠያቂ ሰው ናት፤ ጥያቄዋም ተገቢ ነው፤ የጠየቀችውም በስሜ ጠርታ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ለጻፈልኝ ሰው ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም። መልሱን ደግሞ አውቀዋለሁ። ያን ዓመት አብሬው የዞርኩት እኔ ነበርኩ፤ ጡረታ የወጣሁበት ዓመት ነበርና ሥራ አልነበረኝም። ብዕሬን አንሥቼ "መርሻ እኔ ነኝ" ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ሳልጽፍ ማለፊያ መንገድ አልነበረም። በሌላ ቃል ልዞረው ሞከርኩ። ልጄ ነው ብላት የትኛው ልጅህ ትለኛለች፤ ሟቹ ብላት ማን ሞተ ትለኛለች። የምታውቀው አንድ ስም ብቻ ነው፤ እርሱም የእኔ ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፤ ተርጉመሽ ላኪላት፦

*የተከበሩ እመቤት፤ መርሻ እኔ ነኝ። ስለ ባቄላ የጻፍኩት ነገር የለም። እርስዎ የሚፈልጉት ምሕረትአብ ነው፤ ልጄ ነው። ባለፈው ሰኔ ከማሳ ሲመለስ በመኪና አደጋ ሞቷል። በአገራችን ልማድ የአባት ስም ከኋላ ይቆማል፤ እርስዎ በእኔ ስም ያነበቡትን ሁሉ የጻፈው ምሕረትአብ ነው።*

*ለጥያቄዎ መልሱ ይህ ነው። ገበሬዎቹ ለምሕረትአብም እምቢ ብለውት ነበር። ገለባው ለከብት ነው፤ ለምን እናነሣዋለን አሉት። እርሱም አልተከራከረም። በመኸር ጊዜ መንሽ ይዞ ማሳቸው ገባና ገለባውን ራሱ ተሸክሞ ወደየበረታቸው ያጓጉዝ ጀመር። ተሳለቁበት። አንዱ ገበሬ "ዶክተሬ፣ ይኼን ለመሸከም ነው እንዴ ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው?" ቢለው "አይ፣ ማንን ማሸከም እንዳለብኝ ለማወቅ ነው፤ በል ጀርባህን አዙር" አለው። ሳቁ። በማግስቱ ግማሾቹ መንሽ ይዘው መጡ። በጽሑፉ ያላስገባው ለሳይንስ የሚሆን አልመሰለውም ይሆናል። እርስዎም ይሸከሙላቸው። መርሻ፣ የምሕረትአብ አባት።*

ይህን ከጨረስኩ በኋላ ማረጋገጫው አልከበደኝም። ለብቻው በሌላ ወረቀት አለ፤ አሁን ስም አለው። እንደ ፊተኛው አያምርም። ቀኑ እንዳያልፍብሽ ጌጡ ራሱ ባሕር ዳር ድረስ ወስዶ ይልክልሻል፤ የመንገዱ ዋጋ በካርታው ቀን በሳቅ ተከፍሎኛል ይላል። የኔትወርኩን ነገር አላመንኩትም።

ካርታሽ ላይ ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ምርጫው የእኔ ከሆነ፣ በራሱ ስም ይሁን። እኔን ከኋላው ካስቀመጣችሁኝ ይበቃኛል፤ ቦታዬም ያው ነው። ነጥቡ ቢያንስ አይደንቀኝም።

ትናንት ደብሩ ግቢ ይሻውን አስጠራሁት። መዶሻውን ይዞ ነው የመጣው፤ ማን እንደነገረው አላውቅም።

"ጽሑፉ ደረሰ መምህር?"

"ደረሰ።"

"የት አለ?"

"ልንገርህ። አንተ ቅረጽ።"

"ረጅም ነው?"

"ስሙ ነው።"

መዶሻውን ዝቅ አድርጎ "ከስሙ ሌላ ምንም?" አለኝ። ከእኔ እንዲህ ያለ ነገር ስላልጠበቀ ነው።

"ከበታቹ በትንሹ መርሻ በል። ሌላ የለም።"

አጠገቡ ቆሜ ፊደል በፊደል ተናገርኩለት። አንዱን ተናግሬ ቀርጾ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ፤ ቀና ሲል የሚቀጥለውን እናገራለሁ። ከሰዓት በኋላው እንዲሁ አለፈ። ሲጨርስ ብናኙን እፍ ብሎ አራገፈና "በሉ፣ እዩት" ብሎ ፈንጠር አለ። ዓይኔ ደካማ ስለሆነ በጣቴ አነበብኩት። የመጨረሻዋን ፊደል ስዳስስ ገና ያልተሞረደው የድንጋዩ ጠርዝ ጣቴን ቆረጠኝ። ጥቂት ደም ወጣ።

ፍሬሕይወት፣ አመመኝ።

መርሻ፣ የምሕረትአብ አባት